የኤንኤፍኤል ተጫዋች ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከውል ፊርማ እስከ ጡረታ

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት። በጁላይ መጨረሻ የዝግጅት ካምፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ቡድን 90 ያህል ተጫዋች ይዞ ይጀምራል። ኦገስት ሲያልቅ የሚቀሩት 53 ናቸው። ሒሳቡ ሲሠራ ከ1,100 በላይ ሰው ይሰናበታል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሁሉ በጉልበትም በፍጥነትም ከአጠገቡ ካለው ብዙም አይለይም። አንዱ ስምንት ዓመት ተጫውቶ ሌላው በሁለተኛው ዓመት ደብዛው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በጉዳትና በዕድል ነው፤ እነዚህን መከላከል ይከብዳል። ውል ሳያነቡ በመፈረም፣ ቀነ ገደብ በማሳለፍና ሕመምን ለሐኪም ባለመናገር የሚጠፋውን ግን መከላከል ይቻላል።

የዜናውን ቁጥር እንደ ደመወዝ መቁጠር

«የአራት ዓመት፣ የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል» ተብሎ ሲወራ ተጫዋቹ 40 ሚሊዮን አገኘ ማለት አይደለም። በቤዝቦልና በቅርጫት ኳስ የተፈረመ ውል በአብዛኛው ይከፈላል፤ በፉትቦል ግን ቡድኑ ዛሬ አፍርሶት ነገ ሌላ ሰው ማምጣት ይችላል። ቁርጥ የሆነው ገንዘብ ጋራንቲ የተባለው ብቻ ነው። እሱም ሦስት ዓይነት ነው፦ ተጫዋቹ ተጎድቶ ቢሰናበት የሚከፈል፣ ከሌላው አንሰሃል ተብሎ ቢሰናበት የሚከፈል፣ ቡድኑ በደመወዝ ጣሪያው፣ ማለትም በዓመት ለተጫዋቾች ሊያወጣ በሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን፣ ሥር ቦታ ለማግኘት ሲል ቢያሰናብተው የሚከፈል። ሦስቱም በጽሑፍ ከሌሉ ሙሉ ጋራንቲ የለም። ጋራንቲው ለጉዳት ብቻ ከሆነ፣ ጤነኛ ሆኖ የተባረረ ሰው ከዚያ ላይ ምንም አያገኝም።

ኪርክ ከዝንስ በ2018 ከሚኒሶታ ጋር የሦስት ዓመት የ84 ሚሊዮን፣ ዴሾን ዋትሰን በ2022 ከክሊቭላንድ ጋር የአምስት ዓመት የ230 ሚሊዮን ሙሉ ጋራንቲ አግኝተዋል። ሁለቱም ኳርተርባኮች፣ ማለትም ኳስ እየወረወሩ ማጥቃቱን የሚመሩ፣ ናቸው፤ ለሌላው ተጫዋች መለኪያ አይሆኑም። ከነሱ ይልቅ የሪኪ ዊልያምስ የ1999 ውል ያስተምራል። ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ጋር የፈረመው ውል እስከ 68 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ተብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። አብዛኛው ገንዘብ ግን ከባድ የሩጫ መለኪያዎችን ሲያሟላ ብቻ የሚከፈል ነበር። የፊርማ ጉርሻው 8.8 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ዓመታዊ ደመወዙ ከሊጉ ዝቅተኛ ክፍያ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ውል ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው የፊርማ ጉርሻው መጠንና የሚከፈልበት ቀን ነው። ቀጥሎ የትኛው ዓመት በየትኛው ጋራንቲ እንደተሸፈነ፣ የሚቀጥለው ዓመት ጋራንቲ የሚጸናበት ቀንም ይታያል። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ ማርች ውስጥ የሊጉ አዲስ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ላይ ይውላል፤ ቡድኖችም ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ብዙ ሰው የሚያሰናብቱት ለዚህ ነው። በመጨረሻ የማካካሻ አንቀጽ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። አንቀጹ ካለ፣ የተሰናበተው ተጫዋች ከሌላ ቡድን የሚያገኘው ገንዘብ ከጋራንቲው ላይ ይቀነሳል።

የፊርማ ጉርሻም ቢሆን ተመላሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሳን ፍራንሲስኮው ክሪስ ቦርላንድ በ2015፣ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ለጭንቅላቱ ጤና ሲል ሲያቆም ከጉርሻው ሦስት አራተኛውን መልሷል። ውሉ የአራት ዓመት ነበርና። አንድሩ ላክ በ2019 በ29 ዓመቱ ሲያቆም ኢንዲያናፖሊስ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ተወለት። እንዲህ ያለ ቸርነት ግን የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

የሳምንት ደመወዝተኛ ሆኖ በዓመት መኖር

የ2025 የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ 840,000 ዶላር ነው። ይህ የሚሰላው ለ18 የውድድር ሳምንታት ስለሆነ ለአንድ ሳምንት 46,666 ዶላር ይደርሳል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ የተሰናበተ፣ ጋራንቲ የሌለው ተጫዋች የሠራው 233,333 ዶላር ነው እንጂ 840,000 አይደለም። ሆኖም በካምፑ ማግስት የ12 ወር የቤት ኪራይ የፈረመ፣ በ840,000 ልክ መኪና በብድር የገዛ ብዙ ነው። ጀማሪ ተጫዋች ቤት ከነዕቃው በወር በወር ቢከራይ ይሻለዋል፤ ውድ መስሎ ቢታይም ውል ከማፍረስ ይረክሳል።

ዓመቱን ሙሉ ቢቆይም እንኳ 840,000 ኪስ አይገባም። የፌዴራል ገቢ ግብር፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ አንድ ላይ ለአንድ ላጤ ተጫዋች 290,000 አካባቢ ይደርሳል። ኤጀንቱ 3 በመቶ ከወሰደ 25,200 ይጨመራል። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ለሚጫወት ከ500,000 ትንሽ የሚበልጥ ይቀረዋል፤ ካሊፎርኒያ ከሆነ የስቴቱ ግብር ተጨምሮ ወደ 450,000 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ሌላ ግብር አለ። ተጫዋች የገቢ ግብር ባለው ስቴት ሄዶ ሲጫወት፣ እዚያ የሠራባቸው ቀናት ተቆጥረው ለዚያ ስቴት ይከፍላል። የማያሚ ተጫዋች ቡፋሎና ኒው ኢንግላንድ ሄዶ ሲጫወት ለኒው ዮርክና ለማሳቹሴትስ ስቴት የግብር ማስታወቂያ ያስገባል። በየዓመቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ስቴት ማስገባት የተለመደ ነውና ይህን ሥራ ለሰፈር ግብር ሠሪ መስጠት አይገባም።

ስለ ኪሳራ በብዛት የሚጠቀሰው ከስፖርት ኢለስትሬትድ መጽሔት የ2009 ጽሑፍ የመጣ ቁጥር ነው፦ 78 በመቶው ጡረታ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይከስራል ወይም ይቸገራል ይላል። በ2015 የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የፍርድ ቤት መዝገብ አገላብጠው ያገኙት ሌላ ነው፤ በ12 ዓመት ውስጥ መክሰሩን ለፍርድ ቤት ያስመዘገበው 16 በመቶ ገደማ ነው። ያስገረማቸው፣ ብዙ ያገኘውና ረጅም የተጫወተውም ከሌላው ብዙም የማይሻል መሆኑ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የገቢው ትልቅነት አይደለም። የዲትሮይቱ ራያን ብሮይልስ በዓመት 60,000 ዶላር ገደማ በጀት አውጥቶ ይኖር ነበር። ሮብ ግሮንካውስኪም በማስታወቂያ ገቢው እየኖረ የውል ገንዘቡን እንዳልነካ ራሱ ተናግሯል።

ሁለት ጨዋታና ሦስት ጨዋታ ልዩነት የላቸውም ማለት

የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ስምምነት ዓመታትን በሁለት መንገድ ይቆጥራል። በሙሉ ደመወዝ ሦስት ጨዋታ የቆየ ሰው ለጡረታ የሚቆጠር አንድ ዓመት ያገኛል፤ ስድስት የቆየ ደግሞ ለነፃ ዝውውር የሚቆጠር ዓመት ይጨመርለታል። የጡረታ መብት የሚጸናው በሦስት የተቆጠሩ ዓመታት ነው። ውሉ አልቆ ወደ ፈለገበት ለመሄድ ደግሞ አራት የዝውውር ዓመታት ያስፈልጉታል።

ሁለት የጡረታ ዓመት ይዞ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ጨዋታ ላይ የቆመ ሰው ለዕድሜ ልክ ጡረታ የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ቡድን ሲደውልለት «ደመወዙ ትንሽ ነው» ብሎ ስልክ መዝጋት የለበትም። ጉዳት ላይ ሆኖ በሙሉ ደመወዝ የተያዘበት ሳምንትም ይቆጠራል፤ ከ53ቱ ውጭ ሆኖ በሚለማመደው የልምምድ ቡድን ያለፈ ሳምንት ግን ለዝውውር አይቆጠርም። ቁጥሩን ቡድኑ ያስታውስልኛል ብሎ መተው አይገባም፤ ማኅበሩን ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

ስፔሻል ቲምስን መናቅ

ስፔሻል ቲምስ የሚባሉት ኳሱ በእግር ሲመታ የሚሰለፉት ቡድኖች ናቸው፤ ኪክኦፍ የጨዋታ ማስጀመሪያው ምት፣ ፓንት ደግሞ ኳሱን አርቆ ለተጋጣሚ መስጫው ምት ነው። በጨዋታ ቀን ከ53ቱ ልብስ የሚለብሱት ቢበዛ 48 ናቸው። አሠልጣኙ አምስተኛውን ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ወይም አራተኛውን ላይንባከር (የመሐል ተከላካይ) ሲመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ፓንት ሲመታ ሮጦ ይይዛል ወይ?» ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኮከብ የነበረ ልጅ ይህን ሥራ እንደ ውርደት ያየዋል፤ ካምፕ ላይም በዚያ ስብሰባ ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከሱ የዘገየ፣ ግን በአራት ስፔሻል ቲም ላይ የሚሰለፍ ልጅ ይቀርና እሱ ይሄዳል።

የኒው ኢንግላንዱ ማቲው ስሌተር በሪሲቨርነት ተመዝግቦ 16 ዓመት ሲጫወት የያዘው ኳስ አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን በስፔሻል ቲም አሥር ጊዜ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል፣ ተመርጧል። አዲስ ልጅ ቢያንስ በኪክኦፍ ሩጫ፣ በኪክኦፍ መከላከልና በፓንት ቡድን ላይ የሚሠራውን እንደ ዋና ቦታው አጥንቶ መግባት አለበት።

በልምምድ ቡድን የቀረ ሰውም ሥራው አላለቀም። የ2025 ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት 13,000 ዶላር ነው። ሌላ ቡድን ከ53ቱ ውስጥ ሊያስገባው ከፈለገ መሄድ ይችላል፤ ያ ቡድንም ቢያንስ የሦስት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ መክፈል አለበት። ለአሠልጣኝ ውለታ ብሎ መቅረት በዚህ ሙያ ዋጋ የለውም።

ሕመምን መደበቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው።

ደረጃ በደረጃ እንየው። ተጫዋቹ በሦስተኛው የካምፕ ሳምንት ጉልበቱ ያብጣል። ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ለፊዚዮቴራፒስቱ አይናገርም፤ የሕመም ማስታገሻ ውጦ ይለማመዳል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይሰናበታል። ሲወጣ የመሰናበቻ ምርመራ ይደረግለትና «ደህና ነኝ» ብሎ ይፈርማል። በሁለተኛው ወር ኤምአርአይ ሲነሳ ጅማቱ ተበጥሷል። መደበኛው ውል በሥራው ላይ የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን የዚያን ዓመት ደመወዝ እንዲያገኝ ይላል፤ ይህ ሰው ግን በፊርማው ደህና ነኝ ብሏል። የጉዳት አቤቱታ የሚቀርበውም በ25 ቀን ውስጥ ነው፤ ያም አልፎታል።

ስለዚህ ማንኛውም ሕመም በዚያው ቀን ለሕክምና ክፍሉ ይነገር፣ መዝገብ ላይ መጻፉም ይረጋገጥ። የመሰናበቻ ቅጹ ላይ የሚያመው ሁሉ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ ይዘርዘር። በቡድኑ ወጪ ሁለተኛ ሐኪም የማየትና ቀዶ ሐኪሙን ራሱ የመምረጥ መብትም አለው። አብዛኛው ጀማሪ ቡድኑ ይቀየመኛል ብሎ አይጠይቅም፤ የቡድኑ ሐኪም ግን የሚያማክረው እሱን ብቻ ሳይሆን አሠሪውንም ጭምር ነው።

የጭንቅላት ምት ከዚህ ሁሉ ይለያል። አንዳንዱ በዝግጅት ወቅት የሚሰጠውን የማስታወስና የምላሽ ፈተና ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይሠራል፤ በኋላ ሲመታ ልዩነቱ እንዳይታይ። እንዲህ ሲያደርግ የሚያታልለው ራሱን ነው፤ ሐኪሙ የሚያወዳድርበት መነሻ ጠፍቷልና። ከምት በኋላ ወደ ሜዳ መመለሻው አምስት ደረጃ አለው፦ ዕረፍት፣ ቀላል የልብ ምት ሥራ፣ ጥንካሬ የተጨመረበት ሥራ፣ ንክኪ የሌለው የፉትቦል ልምምድ፣ በመጨረሻ ሙሉ ልምምድና የገለልተኛ ነርቭ ሐኪም ፈቃድ። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በሴፕቴምበር 2022 የማያሚው ቱዋ ታጎቫይሎዋ ከቡፋሎ ጋር ሲጫወት ወድቆ ሲነሳ ተንገዳገደ፤ የጀርባ ጉዳት ነው ተብሎ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ሲንሲናቲ ላይ በቃሬዛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚኮላተፍ ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም ተባለ። ተደጋጋሚ ምት የሚያስከትለው የአንጎል በሽታ፣ ሲቲኢ የሚባለው፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው። አሁን ደህና ነኝ የሚል ስሜት ማስረጃ አይሆንም።

የስልክ ውርርድና የዱቄት ቆርቆሮ

ካልቪን ሪድሊ በ2021 በጠቅላላው 1,500 ዶላር በኤንኤፍኤል ጨዋታዎች አስይዞ የ2022ን ዓመት ሙሉ ታገደ፤ 11 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝም ቀረበት። ከ2023 ጀምሮ በሊጉ ጨዋታ ላይ መወራረድ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በራስ ቡድን ላይ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስቀጣል። በሌላ ስፖርት መወራረድ ይፈቀዳል፤ ግን በቡድኑ ቅጥር ግቢ ወይም በሥራ ጉዞ ላይ ባለ ሆቴል ከሆነ የመጀመሪያው ጥፋት ሁለት ጨዋታ ያስከፍላል። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ይቀላል።

ከሱቅ የተገዛ የጡንቻ ዱቄትም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ቢገኝበት «አላወቅኩም» ማለት አያድንም። ቅጣቱ ስድስት ጨዋታ ነው፤ በ2025 ደመወዝ ለዝቅተኛ ተከፋይ 280,000 ዶላር። ምርቶችን የሚፈትሸው ድርጅት፣ የኤንኤስኤፍ፣ የስፖርት ማረጋገጫ ማኅተም የሌለውን አለመንካት ነው።

ኤጀንት በዘመድ መምረጥ

ኤጀንት በተጫዋቾች ማኅበሩ የተመዘገበ መሆን አለበት። ክፍያው ከ3 በመቶ አይበልጥም፤ መደበኛው ቅጽ ላይ የተቀመጠው 1.5 ነው። ከ2011 ወዲህ የጀማሪ ደመወዝ በድራፍት (ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በወጣበት ተራ የተወሰነ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ውል የሚደራደሩበት ነገር ትንሽ ነው፤ 3 በመቶ የሚያስከፍል ሥራ አይደለም። ካልተስማማ በአምስት ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ማሰናበት ይቻላል። ገንዘብ አስተዳዳሪ ሌላ ሰው ይሁን፤ አጎትም ሆነ የልጅነት ጓደኛ ሙሉ ውክልና አይሰጠው።

ኮሌጅ ያለ ልጅ ከጁላይ 2021 ወዲህ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ከዚያ ክፍያ ላይ ብዙ ጊዜ ግብር አይቀነስም፤ በሩብ ዓመት በሩብ ዓመት ራሱ መክፈል አለበት። አሜሪካ ላሉ የእኛ ቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ፦ ልጁ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ገቢ ቪዛውን ሊያበላሽ ይችላልና ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

ጫማ ሲሰቀል እንደ ድሮው መብላት

140 ኪሎ የሚመዝን የመስመር ተጫዋች ያን ክብደት የያዘው ለሥራ ነው። ልምምዱ ቆሞ ምግቡ ካልቆመ ስኳር፣ የደም ግፊትና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ይከተላሉ። የክሊቭላንዱ ጆ ቶማስ ካቆመ በኋላ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሷል፤ አለን ፋኔካ ከ45 ኪሎ በላይ ጥሎ በ2014 ማራቶን ሮጧል። ለመጀመር የሚቀለው የሚጠጣውን ካሎሪና ከመኝታ በፊት ያለውን ሁለተኛ እራት መተው ነው።

የጡረታ መብቱ የጸና ተጫዋች ካቆመ በኋላ ለአምስት ዓመት የሊጉ የጤና መድን ይቆይለታል። ትከሻና ጉልበት የሚታየው፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። የአካል ጉዳት ክፍያ ማመልከቻም የራሱ ቀነ ገደብ ስላለው፣ ባቆመበት ዓመት ሰነዶቹን ከቡድኖቹ ሕክምና ክፍል ኮፒ አስደርጎ መውሰድ አለበት።