የአሳማ ቫይረስን የጂን አጻጻፍ እንዴት መመርመር ይቻላል?

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ» ይጽፈዋል። ንባቡ ያው ነው፤ ትርጉሙም አይለወጥም። የአንድን ሰው ደብዳቤዎች ሰብስቦ ፊደል የቆጠረ ግን የጸሐፊውን ልማድ ይደርስበታል፤ ከማን እንደተማረ እንኳ ሊገምት ይችላል። ቫይረሶችም እንዲሁ የአጻጻፍ ልማድ አላቸው።

የዘር መረጃ የተያዘበት ዲኤንኤ የሚጻፈው በአራት ፊደላት ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። አንድ ፕሮቲን የሚጻፍበት የዲኤንኤ ክፍል ጂን ይባላል። ሦስት ሦስት ሆነው ሲነበቡ ኮዶን ይባላሉ። ኮዶኖች በጠቅላላው 64 ናቸው፤ ሦስቱ «እዚህ ላይ ቁም» የሚሉ ሲሆኑ የቀሩት 61 ኮዶኖች የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን 20 አሚኖ አሲዶች ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ አሚኖ አሲድ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ኮዶን አለው። ሉሲን ለምሳሌ ስድስት አለው። እነዚህን ሞክሼ ኮዶኖች ብንላቸው ያስኬዳል፤ እንደ «ሰ» እና «ሠ» ናቸውና። ቫይረሱ ከሞክሼዎቹ የትኛውን እንደሚያዘወትር መመርመር ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ለልምምድ የመረጥኩት የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስን ነው። በሽታው በኬንያ ታይቶ በ1921 ተጽፎ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ጆርጂያ፣ በ2018 ቻይና ገባ። ሰውን አይዝም። በከርከሮና በመዥገር ገላ ውስጥ ያለ ብዙ ጉዳት ይኖራል፤ ብርቱው ዓይነት የቤት አሳማን ሲይዝ ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ከ2011 እስከ 2014 በኢትዮጵያ ከታመሙ የቤት አሳማዎች የተገኘው ቫይረስ እስከዚያ ከታወቁት ዓይነቶች የተለየ ስለነበር ጂኖታይፕ (በጂን አጻጻፍ የተለየ የቫይረስ ዓይነት) 23 ተብሎ ተመዘገበ። በአገራችን አሳማ አርቢው ጥቂት ነው፤ መንጋው ባንድ ሳምንት ላለቀበት ቤተሰብ ግን ጉዳቱ ጥቂት አይደለም። ይህን ቫይረስ ማወቅ የሚገባን ለዚህ ነው።

ጂኑን መምረጥ

የቫይረሱ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ሙሉ ጽሑፍ፣ በግምት ከ170 ሺህ እስከ 190 ሺህ ጥንድ ፊደላት አሉት። ለጀማሪ ይህ ባሕር ነውና ቢ646ኤል በተባለው ጂን ይጀምሩ፤ የቫይረሱን ቅርፊት የሚሠራው ፒ72 የተባለው ፕሮቲን የሚጻፈው በዚህ ጂን ነው። የጂኑ ስም ራሱ መረጃ ይሰጣል። «ቢ» ጂኑ የሚገኝበትን የጂኖም ቁራጭ፣ «646» የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች ብዛት፣ «ኤል» ደግሞ ጂኑ ወደ ግራ የሚነበብ መሆኑን ያመለክታል።

ጂንባንክ ወደተባለው ነፃ የመረጃ ቋት ገብተው የጂኑን ሙሉ ጽሑፍ ፋስታ በተባለው የፋይል ዓይነት ያውርዱ። ከተለያዩ አገሮችና ዓመታት ቢያንስ ሃያ ያህል ናሙና ይሰብስቡ። ለእያንዳንዱ የመዝገብ ቁጥሩን፣ አገሩን፣ ዓመቱንና የተገኘበትን እንስሳ በሠንጠረዥ ይጻፉ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳይሠሩት ካለፉ ግን መጨረሻ ላይ ያገኙትን ውጤት ከምንም ጋር ማያያዝ አይችሉም።

ከመቁጠር በፊት ማጣራት

646 ኮዶኖች በሦስት ሲባዙ 1938 ፊደላት ይሆናሉ፤ የማቆሚያው ኮዶን ሲጨመር 1941። የእርስዎ ጽሑፍ ርዝመት ከዚህ ከራቀ ወይም ለሦስት ሳይካፈል ከቀረ ቁራጭ ነው ማለት ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤቲጂ ብሎ መጀመሩን፣ በማቆሚያ ኮዶን ማለቁን፣ መሐል ላይ ሌላ ማቆሚያ አለመኖሩን ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዲኤንኤ ተጣማሪ ሁለት ክር ነው፤ ጂኑን ከሙሉ ጂኖም ላይ ቆርጠው ካወጡት ፊደላቱ የሚገኙት በተቃራኒው ክር መልክ ነው፤ «ኤል» የሚለው ምልክት የሚያስጠነቅቀው ይህን ነው። ጽሑፉን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው ኤን በቲ፣ ቲን በኤ፣ ጂን በሲ፣ ሲን በጂ መተካት አለብዎት። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ይህን ሳላደርግ ሁለት ቀን ሙሉ ቆጥሬ ውጤቱን በሙሉ መጣል ግድ ሆኖብኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ወደ ፕሮቲን ሲተረጉሙት ሜቲዮኒን፣ አላኒን፣ ሴሪን፣ ግላይሲን፣ ግላይሲን ብሎ ከጀመረ በትክክል ይዘውታል።

መቁጠር

ሜጋ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኮዶኖቹን ይቆጥርልዎታል። ጥሬው ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚፈለገው አንጻራዊ አጠቃቀም ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ በአንድ ጂን ውስጥ ሉሲን 60 ጊዜ ተጻፈ እንበል። ስድስቱ ሞክሼዎች እኩል ቢሠሩ እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ ይወጡ ነበር። ቲቲኤ 24 ጊዜ ቢወጣ 24 ለ10 ተካፍሎ 2.4 ይሆናል። 1 ማለት አድልዎ የለም ማለት ነው፤ በተለምዶ ከ1.6 በላይ የሆነው የተዘወተረ፣ ከ0.6 በታች የሆነው የተገፋ ይባላል። ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን አንድ አንድ ኮዶን ብቻ ስላላቸው ከስሌቱ ይውጡ።

አድልዎው ከየት መጣ?

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ደረጃ ነው። በዚህ ቫይረስ ጂኖም ውስጥ ጂ እና ሲ ተደምረው 39 በመቶ ቢሆኑ ነው፤ የቀረው ኤ እና ቲ ነው። ስለዚህ በኤ ወይም በቲ የሚያልቁ ኮዶኖች በዝተው ቢገኙ አይደነቅም። በጓዳው ጤፍ የበዛበት ቤት እንጀራ ቢያዘወትር ስንዴ ይጠላል አያሰኝም።

ምርጫን ከፊደል ብዛት ለመለየት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛው በኮዶኖች ሦስተኛ ቦታ ላይ የጂ እና የሲ ድርሻ ነው፤ «ሰ» እንበለው። ሁለተኛው ውጤታማ የኮዶን ብዛት ይባላል፤ ከ20 (ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ ኮዶን ብቻ) እስከ 61 (ሁሉም እኩል) ይደርሳል። የፊደል ብዛት ብቻ ቢሠራ ኖሮ የሚጠበቀው ቁጥር እንዲህ ይሰላል፦ ሰን በራሱ ማባዛት፤ ከ1 ሰ ተቀንሶ የቀረውንም በራሱ አባዝቶ መደመር፤ 29ን ለዚህ ድምር ማካፈል፤ በመጨረሻ 2ን እና ሰን መጨመር። ሰ 0.3 ቢሆን ድምሩ 0.09 እና 0.49፣ ማለትም 0.58 ነው። 29 ለ0.58 ሲካፈል 50፤ 2.3 ሲጨመርበት 52.3 ይሆናል። የእርስዎ ጂን ወደ 52 ከተጠጋ የፊደል ብዛቱ ብቻ ነገሩን ያስረዳል። 45 ላይ ከወረደ ሌላ ኃይል እንዳለ ይጠርጥሩ፤ «ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው» ብለው ግን በዚህ ብቻ አይደምድሙ።

ከአሳማው ጋር ማነጻጸር

ቫይረሱ ፕሮቲኑን የሚሠራው በአሳማው ሴል መሣሪያ ነውና ልማዱን ከአሳማው ጂኖች ልማድ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። አሳማ ለሉሲን ከሁሉ አብልጦ ሲቲጂን ይጠቀማል፤ ኤ እና ቲ የሚበዛበት ቫይረስ ከዚህ ሊርቅ ይችላል። ተመሳሳይነቱን ሲለኩ የቫይረሱን ሞክሼ ኮዶኖች በዘፈቀደ ያቀላቀሉ፣ የፊደል ብዛታቸው ግን እኩል የሆነ አንድ ሺህ ያህል ሰው ሠራሽ ጽሑፎችን በኮምፒውተር አዘጋጅተው አብረው ይለኩ። እውነተኛው ጂን ከእነዚያ ካልተለየ መላመድ ታየ ማለት አይቻልም።

ዝግመተ ለውጡን መከተል

ናሙናዎቹን ኮዶን ከኮዶን ጋር አስተካክለው ይደርድሩ፤ በሜጋ የዘር ሐረግ ዛፍ ይሥሩ። ከዚያ ለውጦቹን ለሁለት ይክፈሉ፦ ሞክሼውን በሞክሼ የተኩና አሚኖ አሲዱን የለወጡ። በየዓይነቱ ሊደርስ ከሚችለው አንጻር አሚኖ አሲድ ለዋጮቹ እጅግ ካነሱ ፕሮቲኑ ለውጥ አይታገሥም ማለት ነው። የሞክሼ ለውጥም ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነው፤ በጂንም ሞክሼ ኮዶን ፕሮቲኑ የሚሠራበትን ፍጥነት ሊለውጥ ይችላል።

ዛፉ ላይ የሚለጥፉት የጂኖታይፕ ስም ከየት እንደመጣ ይወቁ። በዚህ ጂን መጨረሻ ባሉ 478 ገደማ ፊደላት 24 ጂኖታይፖች ተለይተው ነበር፤ በ2023 ሙሉውን ፒ72 ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ስድስት ብቻ ናቸው ብለዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ በቻይና የጂኖታይፕ 1 እና 2 ቅልቅል የሆኑ ቫይረሶች መገኘታቸው ተዘገበ። ቢ646ኤልን ብቻ ያነበበ ሰው ጂኖታይፕ 1 ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከጂኖማቸው ብዙው ግን የጂኖታይፕ 2 ነው። ስለዚህ ሥራውን በሌላ ጂን፣ ለምሳሌ በኢ183ኤል፣ ከመጀመሪያው ይድገሙት። ርዝመቱ 552 ፊደላት ገደማ መሆን አለበት፤ በጂኑ ስም ውስጥ ያለው ቁጥር የተወሰደው አስቀድሞ ከተነበበው የቫይረሱ ዓይነት ስለሆነ አንድ ኮዶን ቢተርፍ ወይም ቢጎድል አይደንግጡ። ሁለቱ ዛፎች ካልተስማሙ የተለያዩበትን ናሙና ለይተው ሙሉ ጂኖሙን ያውርዱ።