የደህንነት ምልክቶች የማይከበሩት ለምንድን ነው? ችግሩን ከነመፍትሄው መለየት

በካዛንችስ፣ በሰንጋ ተራና በለገሃር ዙሪያ በሚገኙ የሕንፃ ግንባታ ሳይቶች የደህንነት ምልክቶች በብዛት ተሰቅለው ይታያሉ። ምልክቱ ሳይከበር ሲቀር «ሠራተኛው ግድ የለሽ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ ቶሎ ይሰጣል፤ በእኔ እምነት ግን ይህ በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው ምክንያት ነው። አስቀድሞ ምልክቱ መታየቱ፣ ትርጉሙ መታወቁና የሚያዘውን መፈጸም የሚቻል መሆኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ሊጣራ ይገባል።

ችግር፦ ሪፖርቱ «ሁሉም ያከብራል» ይላል፤ ጉዳቱ ግን አልቀነሰም።

ምክንያቱ በአብዛኛው ከአለካኩ ይመነጫል። አንዳንድ ድርጅቶች የሚቆጥሩት የተሰቀሉትን ምልክቶች እንጂ የሰዎችን ድርጊት አይደለም። ሌሎች ደግሞ የደህንነት ባለሙያው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ በሚዞርበት ሰዓት ብቻ ስለሚመዘግቡ፣ እሱን ሲያይ ሄልሜቱን አንስቶ የሚያደርገው ሠራተኛ ሁሉ አክባሪ ተብሎ ይቆጠራል።

መፍትሄው አንድ ምልክት መርጦ፣ ምልክቱ ከሚመለከታቸውና በቦታው ካለፉት ሰዎች መካከል ስንቱ እንደፈጸሙ መቁጠር ነው፤ ከ50 ሰዎች 31ዱ ከፈጸሙ ውጤቱ 62 በመቶ ይሆናል። ቆጠራው ጠዋት ሥራ ሲጀመር፣ ከምሳ በኋላና ሥራ ሊያበቃ ሲል ይደረግ፤ የማንም ስም አይመዝገብ፤ ስም ከተጻፈ ሰዎች ቆጣሪውን ይሸሹታል። ብዛቱም ወሳኝ ነው፦ 40 ሰዎች ብቻ ታይተው 70 በመቶ ቢገኝ ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ በ14 የመቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ 200 ሰዎች ሲታዩ ግን ልዩነቱ ወደ 6 ነጥብ ይወርዳል። ስለዚህ በትንሽ ቆጠራ የታየች የአምስት ነጥብ ጭማሪ መሻሻል ተብላ ሪፖርት ልትደረግ አይገባም።

ችግር፦ ሠራተኞች ምልክቱን ሳያዩት ያልፋሉ።

ምልክቱ ሲሰቀል ባዶ የነበረው ግድግዳ ከጊዜ በኋላ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሮበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፀሐይ ቀዩን ቀለም ወደ ሮዝ ለውጦታል። በበቂ ብርሃን የምልክቱ ቁመት ከሚታይበት ርቀት አንድ መቶኛ ያህል እንዲሆን ይመከራል፤ ከ20 ሜትር መታየት ያለበት ምልክት 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ምልክቱ አደጋው ካለበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሰው አሁንም ሊመለስ በሚችልበት ነጥብ ላይ ይሰቀል። አንድ ቆርቆሮ ላይ የታጨቁ ብዙ ምልክቶች ካሉም ለቦታው የማያስፈልጉት ይነሱ።

ችግር፦ ያዩታል፤ የሚረዱት ግን በተለያየ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ሳይት ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና ጉራጊኛ አፋቸውን የፈቱ ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ለሁሉም አይደርስም። አይኤስኦ 7010 የተባለው ዓለም አቀፍ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ የሚከተለው የቀለምና የቅርጽ ሥርዓት እዚህ ላይ ይረዳል፦ ቀይ ክብ ከሰያፍ መስመር ጋር ክልከላ፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን የመውጫና የእርዳታ ቦታ ነው። ሆኖም ሥዕሉም ቢሆን መፈተን አለበት። «ገብቶሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው በአክብሮት «አዎ» ስለሚል፣ ምልክቱን አሳይቶ «ይህ ምን አድርግ ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዜድ535.3 የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ ከተጠያቂዎች ቢያንስ 85 በመቶው በትክክል እንዲመልሱ፣ አደገኛ በሆነ መንገድ የሚሳሳቱት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል።

ችግር፦ ትርጉሙን ያውቃሉ፤ ነገር ግን አይፈጽሙም።

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፌሮ በግራይንደር የሚቆርጥ ሠራተኛ እንውሰድ። «የዓይን መከላከያ ያድርጉ» የሚለው ሰማያዊ ክብ ፊት ለፊቱ ተሰቅሏል፤ መነጽሩ ግን ምድር ላይ ባለው ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ለማውጣት ደረጃውን ወርዶ መፈረም አለበት፤ የንብረት ሠራተኛው ምሳ ከወጣ ደግሞ መጠበቅ። መነጽሩ ሲገኝም መስታወቱ ተጫጭሮ የመቁረጫውን ምልክት አያሳይም። የሚቆርጠው አንድ ፌሮ ብቻ ከሆነና ክፍያው በሠራው መጠን ከሆነ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆርጣል።

ይህን ሰው መምከር ብቻውን ለውጥ አያመጣም። መነጽሩን ማሽኑ አጠገብ በሳጥን ማስቀመጥ፣ የተጫጨረውን ያለ ፊርማና ያለ ጥያቄ መቀየር፣ ሳጥኑን በየጠዋቱ የሚያይ አንድ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው በአግባቡ እንዲጠቀምበት የሚያዘው አንቀጽ 93 ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው ደመወዝ ስለመቁረጥ ከመነጋገር በፊት መሣሪያው በሥራው ቦታ፣ ለሥራ በሚበቃ ሁኔታ መኖሩ ይረጋገጥ።

ችግር፦ ለጥቂት ሳምንታት ተከብሮ ቆይቶ ይተዋል።

አንዱ ምክንያት የቀን ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ መለዋወጣቸው ነው፤ ለዚህ በየጠዋቱ ለአዲስ ገቢዎች አጭር ገለጻ ይበቃል። ሌላው ግን ከላይ ይመጣል፦ ፎርማኑ፣ መሐንዲሱ ወይም የባለቤቱ እንግዳ ባዶ ራሱን ሲገባ ሠራተኛው ምልክቱ ለማን እንደተጻፈ ይረዳል። የኃላፊዎች ውጤት ለብቻው ተቆጥሮ ከሠራተኞቹ ውጤት ጎን ይለጠፍ፤ በር ላይም ለእንግዳ የሚሆኑ ትርፍ ሄልሜቶች ይኑሩ። የጥበቃ ሠራተኛው «ኢንጂነር፣ ሄልሜት ያድርጉ» ብሎ ሲያስቆም እንደማይቆጡት ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት ይንገረው። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ቆጠራው በመጀመሪያው ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓታትና በተቀራራቢ የሰው ብዛት ይካሄድ።