ለትንሽ ውሻ አሰልጣኝ እንዴት ይመረጣል?

ጎጃም ውስጥ «ውሻ አሰለጥናለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ እጁ የለመደው አብዛኛውን ጊዜ የግቢ ጠባቂ ውሻ ነው፤ ትልቅ፣ ጉልበተኛ፣ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ። ሦስት ኪሎ የማይሞላ ቺዋዋ ወይም ፑድል በዚያ አያያዝ ይጎዳል። የምትፈልጉት ሰው ትንሽ ውሻ የት ላይ እንደሚሰበር የሚያውቅ መሆን አለበት።

1. መጀመሪያ ችግሩን ለዩ

ውሻው የሚያስቸግረው መቼና የት እንደሆነ ጻፉት፦ ምንጣፍ ላይ ይሸናል? እንግዳ ሲገባ ይጮኻል? ባጃጅ ሲያልፍ ይርበደበዳል? ሰላማዊ የነበረ ውሻ ድንገት ሲነኩት መናከስ ከጀመረ ግን ከአሰልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። ትንንሽ ውሾች የጉልበታቸው ሎሚ ቦታውን ይስታል፣ ጥርሳቸውም ቶሎ ይበላሻል። ሕመም ያመጣውን ንክሻ ሥልጠና አያድነውም። ዕድሜው 3 ወር ከሞላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በዚያው አስከትቡና ካርዱን ያዙ። ካርዱን ሳይጠይቅ ውሻችሁን ከሌሎች ጋር የሚቀላቅል አሰልጣኝ ሥራውን አያውቅም።

2. ሰው የምትጠይቁበት ቦታ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የመጀመሪያው በር የእንስሳት ክሊኒክ ነው። «ጎበዝ አሰልጣኝ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «መርፌ ሲወጋ በእርጋታ የሚቆም ትንሽ ውሻ ያለው ማን ነው? ማንስ አሰለጠነለት?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ውሻውን ስጡኝና ከወር በኋላ ሠልጥኖ ይመጣል» የሚለውን ተዉት። ውሻው የሚታዘዘው ለለመደው ሰውና ቦታ ነው፤ እናንተ ካልሠለጠናችሁ ቤት ሲመለስ ወደ ቀድሞው ይዞራል። አዲስ አበባ ለመላክ ብሎ ዓባይ በረሃን ማቋረጥማ ለሚያስመልሰው ቡችላ ቅጣት ነው። በአቅራቢያ ሰው ከጠፋ እናንተ እየሠራችሁ በቪዲዮ የሚያርም አሰልጣኝ ይሻላል።

3. በስልክ የሚጠየቅ

ውሻ ማሠልጠን በአብዛኛው ዓለም ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ ስለሆነ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሲፒዲቲ-ኬኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት ቢያንስ 300 ሰዓት የማሠልጠን ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ይህን የያዘ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ መልሱ ይመዝነው።

«በምን ታስሩታላችሁ?» በሉት። ደረቱን የሚያቅፍ ማሰሪያ፣ ሃርነስ የሚባለውን፣ ካለ ጥሩ ነው። የሚያንቅ ሰንሰለት፣ የብረት እሾህ ያለው ወይም ኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ካነሳ ስልኩን ዝጉ። የዮርክሻየር ቴሪየር፣ የፖሜራኒያንና የቺዋዋ የአየር ቧንቧ በቀላሉ ይጣበቃል፤ አንገት ሲጎተት ይብስና እንደ ዝይ ጩኸት ያለ ደረቅ ሳል ይከተላል።

«በምን ትሸልማላችሁ?» ጥሩ መልስ በግማሽ ሽምብራ መጠን የተቆረጠ የተቀቀለ ዶሮ ወይም እንቁላል ነው፤ ባሕር ዳር ላይ አጥንቱ የወጣ አሳም ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ አይለፍ። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። «ቀኑን አስርቡትና ለምግቡ ሲል ይሠራል» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ሽሹ። ትንሽ ቡችላ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ባዶ ሆዱን ቢቆይ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ሊንገዳገድ፣ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ የአገራችን ነው፦ «ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ሲጮህ አልጋ ሥር ይገባል፣ ምን ታደርጉለታላችሁ?» የሚያውቅ ሰው ከወራት በፊት የጅራፍ ድምፅ በስልክ ዝቅ አድርጎ ያሰማል፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ይመግበዋል፣ ውሻው ሳይደነግጥ ከቆየ ብቻ ጥቂት ይጨምራል። የማያውቀው «አጠገቡ እናጮኽበታለን፣ ይለምዳል» ይላል። በዚህ መንገድ ፍርሃቱ ይብሳል እንጂ አይለቅም።

4. ሳይከፈል አይታይም፣ ሳይታይ አይመረጥም

ለአንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ብቻ ክፈሉ፣ ቤታችሁ ይምጣ። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች እጁን እዩ። ጥሩ አሰልጣኝ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ትኩር ብሎ አያየውም፣ ውሻው ራሱ መጥቶ እስኪያሸተው ይጠብቃል። ቆሞ ከላይ እጁን ሰድዶ አንገቱን የሚያነሳ ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል፤ ለትንሽ ውሻ ከላይ የሚወርድ እጅ አስፈሪ ነው።

ከዚያ ውሻውን እዩ። ሳይራብ ከንፈሩን መላስ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋት፣ ጭራን እግር መሃል መሸጎጥ፣ የዓይኑን ነጭ ማሳየት የፍርሃት ምልክቶች ናቸው። አንዱ ሲታይ የሚያውቅ ሰው ራቅ ይላል፣ ወይም ትእዛዙን ያቀልላል። «እልኸኛ ነው» ብሎ የሚገፋ ከሆነ ውሻው እሺ ያለው በፍርሃት ነው፤ ሌላ ቀን በጥርሱ ይመልሳል። አንዱ ልምምድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። «ተቀመጥ» የሚለውን ሃያ ጊዜ የሚደጋግም፣ ወይም በኋላ እግሩ ደጋግሞ የሚያቆመው፣ ደካማ ጉልበቱን እያጠፋ ነው።

በመጨረሻ ማሰሪያውን ለእናንተ ይስጥና እናንተ ስትሠሩ ያርማችሁ። ካልሰጠ አትቀጥሩት።

5. ክፍያ

የስድስት ወር ክፍያ ቀድሞ አይሰጥም። በክፍለ ጊዜ ወይም ቢበዛ በአራት ክፍለ ጊዜ ተስማሙ፤ ምን እንደሚሠራ፣ ለምሳሌ «በር ሲንኳኳ ወደ ምንጣፉ ይሄዳል»፣ በአንድ መስመር ይጻፍ። «ሙሉ በሙሉ እንደሚሠለጥን ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ቃል ካለበት አትፈርሙ፤ እንስሳ ላይ ዋስትና የሚሰጥ አዋቂ የለም። በየሳምንቱ የሚሠራ የቤት ሥራም ይስጣችሁ። ከአራቱ በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም አሰልጣኙ ሲመጣ ውሻው መደበቅ ከጀመረ፣ ሌላ ፈልጉ።