የወንጀል ፊልማችን መክፈቻ እንዴት ተስተካከለ

ቱሉ ዲምቱ፣ ያላለቀ ኮንዶሚኒየም፣ ሌሊት፣ ሬሳ። የመመረቂያ ፊልማችን የሚጀምረው እንዲህ ነበር። ችግሩ መርማሪው ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሁሉን ያብራራል። ሲነበብ ዜና እንጂ ፊልም አይመስልም።

መላው የተገኘው ከሰፈሩ ዘበኛ ነው። «ጋሼ፣ ሌሊት እንግዳ ነገር ቢያዩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ባትሪዬን አጠፋለሁ። ካበራሁማ የምታየው እኔው ነኝ!»

በቃ፣ ትዕይንቱ እሱ ሆነ። የባትሪ ብርሃን ደረጃውን ይወጣል። አንድ እግር ጫማ ላይ ይቆማል። ድርግም! ጨለማ፣ ከዚያ የፊልሙ ርዕስ። ሬሳ የለም፣ መርማሪም የለም። መርማሪው በሁለተኛው ትዕይንት ይመጣል፤ ጫማውን ግን በእጁ አያነሳም። ቦታው ይታጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ነው ዕቃ የሚነካው።

የቀረው መብራት ነው። ለኪራይ ብር የለንም፤ ስለዚህ የውጪውን ሾት ፀሐይ ሳትወጣ ቀረጽነው። የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ (ዋይት ባላንስ) ምስሉን ሰማያዊ በሚያደርገው 3200 ኬልቪን ላይ አድርገን ትንሽ ስናጨልመው ጎሁ ሌሊት መሰለ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ያ ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ልምምዱ በቀን ያልቃል፤ የተዋናዩ መቆሚያም በኖራ ይሰመራል።

የኮሪደሩ አምፖል ደግሞ ምስሉ ላይ ይርገበገብ ነበር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከ1/60 ሰከንድ ወደ 1/50 ስንቀይረው ከመብራቱ ጋር ገጠመና ፀጥ አለ።