ታይዋን ገበያ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ የፕሮሰሰር ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብቶ «ፕሮሰሰሩ ጠንከር ያለ ስጡኝ» የሚል ሰው በዝቷል። ፕሮሰሰር የስልኩን ሥራ ሁሉ የሚያስኬደው ቺፕ ስለሆነ ጥያቄው ጥሩ ነው። መካከለኛ ስልክ እንኳ የብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ስለሚበላ ግን፣ ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ሳያገኝ ገንዘብ ባይወጣ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የስቶሬጅን (የፋይል ማስቀመጫውን) ጥፋት በፕሮሰሰር ላይ ማላከክ ነው። በቅርቡ ጎረቤቴ «ዋሪያ፣ ስልኬ ስታክ እያደረገች አስመረረችኝ፣ አዲስ ልገዛ ነው» ብላ መጣች። ከፍተን ስናየው ስቶሬጁ ጢም ብሏል፤ አብዛኛውን የያዘው ቴሌግራም ከየቻናሉ ያጠራቀመው ቪዲዮ ነበር። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ካሹን (ስልኩ ላይ ለጊዜው የተቀመጠውን ቅጂ) አጸዳን። ቪዲዮዎቹ ሰርቨር ላይ ስላሉ የጠፋባት ነገር የለም፤ ስልኩም ተፍታታ። ስቶሬጅ ሊሞላ ሲቃረብ አዲስ ዳታ መጻፍ ይከብደዋል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ፕሮሰሰር ቆሞ ይጠብቃል። ከስቶሬጁ አምስት እጅ አንዱን ባዶ አድርጋችሁ ሳትሞክሩ ብር አታውጡ።

ሁለተኛው «ስምንት ኮር ነው» ሲባል ማመን። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል ነው፤ ስምንት ኮር ሁሉ እኩል አይደለም። ሄሊዮ ፒ35 የሚባለው ፕሮሰሰር ስምንቱም ደካማ የሚባሉት ኤ53 ኮሮች ናቸው። ሄሊዮ ጂ85 ሁለት ትልልቅ (ጠንካራ) ኤ75 ሲኖረው የቀሩት ስድስቱ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠሩ ኤ55 ናቸው። ሄሊዮ ጂ99 ደግሞ ከእነሱም የሚፈጥኑ ሁለት ኤ76 አለው። አፕ ስትከፍቱ የሚሮጡት በዋናነት እነዚያ ሁለቱ ትልልቆች ስለሆኑ ሻጩን ስለ እነሱ ጠይቁት።

ሦስተኛው አዲስ የወጣ ሁሉ ይፈጥናል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ኤ52ኤስ ስልክ ላይ ስናፕድራጎን 778ጂ ፕሮሰሰር ነበር፣ አራት ትልልቅ ኮሮች ያሉት። በ2022 የወጣው ኤ53 የሚባለው ስልክ ኤግዚኖስ 1280 ፕሮሰሰር ይዞ መጣ፤ ትልልቆቹ ሁለት ብቻ ሆኑ። በጌም አሮጌው አዲሱን ይበልጠዋል። ሬድሚ ኖት 11ም በፍጥነት ከኖት 10 ያነሰ ፕሮሰሰር ነበረው። ስለዚህ ከፒ35 ወይም ከጂ85 ወደ ጂ99 መሄድ በእጃችሁ የሚሰማ ለውጥ ነው፣ ይገባዋል። ከጂ99 ወደ ጂ100 መሄድ ግን ያንኑ ኮር መልሶ መግዛት ነው።

አራተኛው የእኛው የድሬዎች ነው፤ ስልክን ጥላ ውስጥ አምስት ደቂቃ ነካክቶ መግዛት። አፕልም ሳምሰንግም ለስልኮቻቸው የሚመክሩት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ እኛ ያ ጣሪያ ላይ ነን፤ ባጃጅ መስታወት ላይ የተሰካ ስልክ ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቻርጅ ይዘገያል። ስለዚህ ከከፍተኛው ፍጥነት ይልቅ ፕሮሰሰሩ በስንት ናኖሜትር እንደተሠራ (የውስጡ አሠራር ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር) እዩ። ጂ85 በ12፣ ጂ99 በ6 ናኖሜትር የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ለተመሳሳይ ሥራ የሚበላው ኃይል፣ የሚያወጣውም ሙቀት ይቀንሳል። ሻጩ ከፈቀደ በረንዳው ላይ አውጥታችሁ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። በዚያ መሀል ካሜራው መንተፋተፍ ከጀመረ ያን ስልክ ተዉት።

«8+8 ራም» የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ፤ ራም የተከፈቱ አፖች ለጊዜው የሚሠሩበት ፈጣን ማህደር ነው። ሁለተኛው ስምንት ከስቶሬጁ የተበደረ ነው፣ ከራም በጣም ይዘገያል። ስቶሬጁም ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ከሆነ ጥሩ ፕሮሰሰር እንኳ ይታሰራል፤ ፈጣኑን፣ ዩኤፍኤስ የሚለውን ፈልጉ።

የመጨረሻው በስልኩ ስም ብቻ መግዛት ነው። ሳምሰንግ ኤ14 በአንድ ስም በሄሊዮ ጂ80ም በኤግዚኖስ 850ም ተሽጧል፤ ኤግዚኖስ 850 ደግሞ ኤ13 ላይ የነበረው ራሱ ነው። ኤ13ቱን ሸጦ ብር ጨምሮ ኤ14 የገዛ ሰው ያንኑ ፕሮሰሰር ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ አፕ ጭናችሁ ስሙን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።