ስልኩ ቤት የሚገባው ማታ ነው፦ ትምህርት ሲቋረጥ ከወላጅ ጋር እንዴት እንነጋገር

ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በድንገት ሲዘጋ ለወላጆች የላክሁት መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ሳነበው ያሳፍረኛል። የአምስት ቀን ፕሮግራም፣ የገጽ ቁጥሮች፣ ሊንክ፣ «ትብብራችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን»፤ ሁሉንም በአንድ ኤስኤምኤስ ጠቅጥቄዋለሁ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ 160 የሚገባው በላቲን ፊደል ሲሆን ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የእኔው መልእክት ተቆራርጦ፣ አንዳንዱ ጋ ከመሀል ጀምሮ ደረሰ። ከ42 ቤተሰብ የመለሱልኝ ሦስት ናቸው። አንዷ «ማን ልበል?» ነው ያለችኝ።

መጀመሪያ ደብተር አዘጋጁ። ልጆቹ ገና ክፍል ውስጥ እያሉ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ያዙ። ስልኩ የማን ነው? ቤት የሚገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የሚቀበለው ሰው ያነባል ወይስ ይነበብለታል? በየትኛው ቋንቋ ይቀለዋል? የአንዲት ተማሪዬ አባት ዝም ሲሉኝ ተቀይሜ ነበር። ለካ ስልኩ ከእሳቸው ጋር ሥራ ውሎ የሚገባው ማታ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የነገውን ሥራ ዛሬ ማታ መላክ ጀመርኩ። አባትየው በቁራጭ ወረቀት ገልብጠው ጠዋት አስቀምጠውላት ይወጣሉ።

መልእክቱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። አሁን የምልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ሒሳብ ገጽ 34 ከ1–5። አንብቡለት፣ ራሱ ይሥራ። ጥያቄ ካለ ከ10 ሰዓት በኋላ ደውሉ።»

ቁጠሩት፤ 70 አይሞላም። ማንበብ ለማይችሉ አያት ደግሞ ያንኑ በድምፅ ቀርጬ እልካለሁ። የልጁን ስም አስቀድሜ እጠራለሁ፤ ከአንድ ደቂቃ አላሳልፍም።

የዋትሳፕ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ አስተዳዳሪ ብቻ እንዲጽፍበት አድርጉት። አለዚያ የእናንተ መልእክት በመልካም ምኞት ሥር ይቀበራል። የዋትሳፕ ብሮድካስት፣ ማለትም አንድን መልእክት ለብዙ ሰው በየግሉ መላኪያው፣ የሚደርሰው ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ደግሞ «የቤት ሥራ ያልላኩ» የሚል ዝርዝር ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፣ እባካችሁ።

መደወል ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን ለውጥ ያየሁት በሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቦትስዋና ውስጥ ይህንኑ ሞክረውት ነበር። ለአንዳንዱ ቤተሰብ የሒሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ብቻ ተላከ፤ ለሌላው በሳምንት አንዴ ስልክም ተደወለ። ስልክ የተጨመረላቸው ልጆች በግልጽ ተሻሉ፤ ኤስኤምኤሱ ብቻውን ግን ያን ያህል አልፈየደም። እኔ 42ቱን ለአምስት ቀን ሳካፍል በቀን ስምንት ወይም ዘጠኝ ይደርሰኛል፤ ለአንዱ አሥር ደቂቃ።

ስትደውሉ «ጥናት እንዴት ነው?» አትበሉ። መልሱ «ደህና ነው» ነው፤ አለቀ። ልጁን አስጠሩና አንድ ጥያቄ ስጡት። አንዷን «47 ሲደመር 38» አልኳት። ዝም። ከኋላ የእናትየው ሹክሹክታ ይሰማኛል፦ «85 በይው!» እኔም ለእናትየው «ስትሳሳት ነው የምፈልጋት፤ የቱ ጋ እንደጠፋባት የማውቀው ያኔ ነው» አልኳቸው። በሁለተኛው ሙከራ ልጅቷ «75» አለች። አንዷን አሥር ይዛ መሄድ ረስታለች ማለት ነው። የሳምንቱ ትምህርታችን ያው ሆነ።

ትምህርት መቼ እንደሚጀመር ካላወቃችሁ «አናውቅም» በሉ። ቀጣዩን ወሬ የምትነግሩበትን ቀን ግን ቁረጡ፦ «ሐሙስ ማታ እንጽፋለን።» ሐሙስ ሲደርስ የሚነገር ባይኖርም ጻፉ። አንድ ሐሙስ የላክሁት «አዲስ ነገር የለም። በሚቀጥለው ሐሙስ እንገናኝ።» የሚል ብቻ ነበር። ያን ማታ «እሺ መምህር» ሲጎርፍልኝ አመሸ።