የጥልቅ ባህር ነዳጅ ፕሮጀክት ገንዘብ ሲበላ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ድሬዳዋ ከባህር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። እንደዚያም ሆኖ እዚህ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች ስለ ጥልቅ ባህር ነዳጅ ይጠይቁኛል፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በእሱ ላይ ሊሠሩ የሚያስቡም አሉ። ደስ ይለኛል። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፤ «ወጪው እንዴት ይቀንሳል?» አቦ፣ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ! ወጪው የት ጋ እንዳበጠ ሳያውቅ መቁረጥ የሚጀምር ሰው የሚያስፈልገውን ቆርጦ የማያስፈልገውን ያስቀራል።

ምልክት፦ ገና ብረት ሳይቆረጥ በጀቱ ሰማይ ነካ

ብዙ ሰው በገበያው ያሳብባል። የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ የቁፋሮ መርከብ ኪራይም አብሮ መውጣቱ እውነት ነው። ዋናው መንስኤ ግን ብዙ ጊዜ ንድፉ ውስጥ ነው። አንዱ ባለሙያ «ለማንኛውም» ብሎ ትንሽ ይጨምራል፣ ቀጣዩም በዚያ ላይ ይጨምራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቫልቭ ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ ተብሎ እንደ አዲስ ይነደፋል፤ መጨረሻ ላይ ማንም ያልፈለገው ግዙፍ ነገር ቁጭ ይላል።

የብሪቲሽ ፔትሮሊየም ማድ ዶግ የተባለውን የነዳጅ መስክ ሁለተኛ ምዕራፍ ተመልከቱ። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው እቅድ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ንድፉን አቅልለው እንደገና ሠሩትና በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ9 ቢሊዮን ጸደቀ። የኖርዌዩ ዮሃን ካስትበርግ የነዳጅ መስክም ከ100 ቢሊዮን ክሮነር በላይ ተገምቶ፣ በ2017 መጨረሻ እቅዱ ለመንግሥት ሲቀርብ ወደ 49 ቢሊዮን ወርዷል። እዚያ ድፍድፉን በቧንቧ ወደ የብስ ማምጣቱን ትተው እዚያው የሚያመርትና የሚያከማች መርከብ መረጡ።

መፍትሄው፦ ለእያንዳንዱ መስፈርት «ይሄ ባይኖር ምን ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ይውጣ። ቀድሞ የተሠራ ንድፍ ካለ ድገሙት፤ ሼል የተባለው ኩባንያ ለዌይል መስክ መድረኩን፣ ማለትም ባህር ላይ የሚንሳፈፈውን ማምረቻ፣ የሠራው የቪቶ መስክን ንድፍ በመድገም ነው። አንድ ነገር ግን አትንኩ። የጉድጓድ መቆጣጠሪያና የደህንነት ወጪ ከዚህ ጨዋታ ውጪ ነው። በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞተዋል።

ምልክት፦ ነዳጁ ተገኝቷል፣ ግን ለብቻው መድረክ አያዋጣም

መንስኤው ግልጽ ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው። ጉድጓዱን ከባህሩ ግርጌ በቧንቧ ወስዳችሁ በአቅራቢያው ካለ ነባር መድረክ ጋር አገናኙት። ነባሩ መድረክ ትርፍ አቅም እንዳለው ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ነዳጁ ይቀዘቅዛል። ቀጣዩ ችግር የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ምልክት፦ የጉድጓዱ በኩል ግፊት ይጨምራል፣ የሚደርሰው ነዳጅ ይቀንሳል

ቧንቧው እየተዘጋ ነው። በምን? ጊዜውን እዩ።

በድንገት ከሆነ፣ በተለይ ምርት ቆሞ ሲጀመር፣ ሃይድሬትን ጠርጥሩ። ውሃና ጋዝ በከፍተኛ ግፊትና በብርድ ተጣብቀው በረዶ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። የጥልቅ ባህር ግርጌ ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ ነው። በግንቦት 2010 ወደ 1500 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከዲፕዋተር ሆራይዘን አደጋ በኋላ የሚፈሰውን ነዳጅ ለመያዝ የወረደውን ግዙፍ የብረት ክዳን ከሥራ ውጪ ያደረገው ይሄው ነው። መከላከያው ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ ሜታኖል ወይም ግላይኮል የሚባሉትን፣ ሃይድሬት እንዳይፈጠር የሚከላከሉ ኬሚካሎች መጨመር፣ ምርት ሲቆም ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ግፊቱን ማውረድ ነው። አንዴ ከደፈነ በአንድ በኩል ብቻ ግፊት አትልቀቁ። ድፍኑ እንደ ጥይት ተወርውሮ ቧንቧ ይሰብራል፣ ሰው ይገድላል። ከሁለቱም በኩል ቀስ እያላችሁ አውርዱ።

ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ከሆነና ነዳጁ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ላይ ከባሰ፣ ሰም ነው። ፒግ የሚባለውን መጥረጊያ በየጊዜው ላኩበት። ለዚህ የሚሆን መግቢያና መመለሻ በንድፉ ካልታሰበበት በኋላ መጨመሩ በጣም ውድ ነው።

ቀስ በቀስ ሆኖ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ከጨመረ በኋላ ከመጣ ደግሞ የማዕድን ክምችት ነው። ይሄን የድሬ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ «ካልሲየም» የምንለው፣ የዚያው ዘመድ ነው። ማንቆርቆሪያው በሎሚ ወይም በአቼቶ ይለቃል፤ ባህር ውስጥም የካርቦኔቱ ዓይነት በአሲድ ይሟሟል። ባሪየም ሰልፌት ግን በተለመደው አሲድ አይነካም። የሚፈጠረው ግፊት ለመጠበቅ ወደ ከርሰ ምድር የሚገባው የባህር ውሃ ሰልፌት፣ አለቱ ውስጥ ካለው ውሃ ባሪየም ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ሰልፌቱን ከመግባቱ በፊት አጣሩ፣ ወይም ክምችት የሚከላከል ኬሚካል ጨምሩ። ለማጣሪያው ማሽን ገንዘብ አንሰጥም ያለ ሰው በኋላ ጉድጓዱን ለማጽዳት መርከብ ይከራያል።

ምልክት፦ ግንባታው መሃል ላይ ንድፉ ይቀየራል

ስለ ከርሰ ምድሩ በቂ መረጃ ሳይኖር ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ታዝዟል ማለት ነው። በምዕራፍ ከፍሉት። ጉያና ውስጥ ሊዛ የተባለው የነዳጅ መስክ በ2015 ተገኝቶ፣ በቀን 120 ሺህ በርሜል የማምረት አቅም የነበረው የመጀመሪያው መርከብ በታህሳስ 2019 ሥራ ጀመረ። የ220 ሺህ በርሜል አቅም ያለው ሁለተኛው መርከብ በ2022 ተከተለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ምርት የሚገባውን ገንዘብም መረጃም ይዞ ይመጣል።